ቆዳ፣ ሱፍ፣ ቃጫ ወይስ ናይለን? ዕድሜው የሚረዝምና ወርዋሪውን የማይከዳ ወንጭፍ ስለመምረጥ

ወንጭፍ ሊገዛ ወይም ሊጎነጉን የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ ይጠነክራል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ቀና ይመስላል፤ መልሱ ግን ብዙም አይጠቅመውም። 100 ግራም የሚመዝን ድንጋይ አንድ ሜትር ራዲየስ ባለው ክብ ላይ በሴኮንድ 30 ሜትር ሲዞር ገመዱን የሚስበው ኃይል 90 ኒውተን ያህል ነው። ዘጠኝ ኪሎ ዕቃ አንጠልጥሎ እንደመያዝ ማለት ነው፤ እሱም ለሁለት ገመድ ይከፈላል። ድንጋዩ እጥፍ ቢከብድ እንኳ 18 ኪሎ አካባቢ ነው። ይህን የማይችል አዲስ ገመድ ማግኘት ራሱ ይከብዳል።

እንግዲህ አዲስ ወንጭፍ በድንጋዩ ክብደት ብቻ አይበጠስም። የሚበጠሰው የነተበ፣ የበሰበሰ፣ ብል የበላው ወይም ፀሐይ ያደረቀው ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ሲደክም አስቀድሞ ይነግረኛል? ደግሞስ የሚፈልገውን እንክብካቤ የምሰጠው ዓይነት ሰው ነኝ?» ቢሆን ይሻላል። ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ሁለተኛውን ጥያቄ በሐቀኝነት መልሱት። እኔ ለብዙ ጊዜ ራሴን ዋሽቼ ቆዳ ስገዛ ኖሬአለሁ።

ወንጭፍ ስል ሁለት ገመድና አንድ የድንጋይ ማኖሪያ ያለውን፣ በክንድ የሚወነጨፈውን ነው። በባላ እንጨትና በላስቲክ የሚሠራው ሌላ ነገር ነው፤ ችግሩም ጥገናውም የተለየ ነው።

## ቀድሞ የሚያልቀው የቱ ጋ ነው?

ለመግባባት ያህል ክፍሎቹን እንሰይም። ጣት ላይ የሚጠለቀው፣ ከእጅ የማይወጣው ገመድ ቀሪ ይባል። ጫፉ ላይ ቋጠሮ ያለው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ተይዞ የሚለቀቀው ደግሞ ተለቃቂ። በመካከል ድንጋዩን የሚያቅፈው ኪስ ነው።

አብዛኛው ሰው ሲፈትሽ የሚያየው ኪሱን ነው፤ ድንጋዩ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ። ኪሱ በእርግጥ ይሳሳል፤ ግን ቀስ ብሎና በግልጽ ነው። ከሱ ይልቅ ልብ መባል ያለባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። አንደኛው የተለቃቂው ጫፍ ነው። ገመዱ ሲለቀቅ ጫፉ እንደ ጅራፍ ስለሚወረወር አንዳንዴ ይጮኻል፤ ያ ጩኸት ለጆሮ ቢጥምም በተጮኸ ቁጥር ክሩ ጥቂት ጥቂት ይተረተራል። ሁለተኛው ገመዱ ከኪሱ የሚጋጠምበት ነው፤ ቀጭን ገመድ ሰፊ ቆዳን በትንሽ ቀዳዳ በኩል ሲጎትት ቀዳዳው ወደ ጠርዙ ይቀደዳል። ሦስተኛው የጣት ማጥለቂያው ነው። ላብ፣ ጨውና ፍትጊያ የሚሰበሰቡት እዚህ ነው። እሱ ሲበጠስ ወንጭፉ ራሱ ከድንጋዩ ጋር ተያይዞ ይበራል፤ አቅጣጫውም እናንተ ያሰባችሁት አይሆንም።

ይህ ለምርጫ የሚጠቅመን እነዚህን ሦስት ቦታዎች ብቻ ለይቶ መቀየር የሚቻልበት ወንጭፍ፣ ሙሉ በሙሉ ከሚጣለው ስለሚበልጥ ነው።

## የምንመዝንባቸው ነጥቦች

አምስት ናቸው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

የመጀመሪያውና ለኔ ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ማሳየቱ ነው፤ ሳይበጠስ በፊት ድካሙ ለዓይን ወይም ለእጅ ይታወቃል ወይ? ሁለተኛው መለጠጥ ነው። ሁለቱ ገመዶች ድንጋይ ተሸክመው ሲንጠለጠሉ ኪሱ ሚዛኑን መጠበቅ አለበት። አንዱ ከሌላው ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ሲረዝም ኪሱ ያዘነብላል፤ ድንጋዩም ያለጊዜው ይሾልካል። ለወንጫፊው የዒላማ መሳት ነው፤ ከጎኑ ለቆመው ሰው ግን አደጋ ነው። ሦስተኛው ውሃ ሲነካው የሚሆነው፣ አራተኛው የሚፈልገው እንክብካቤ ብዛት፣ አምስተኛው ወጪው ነው። ወጪን መጨረሻ ያደረግሁት ወንጭፍ ከመሠረቱ ርካሽ መሣሪያ ስለሆነ ነው፤ ውዱና ርካሹ ያላቸው ልዩነት ከአንድ የዓይን ጉዳት ጋር የሚተያይ አይደለም።

## ቆዳ

ስለ ቆዳ ሲነሣ ሁለት ነገር ይምታታል፤ የቆዳ ኪስና የቆዳ ገመድ። ኪሱ ግሩም ነው፤ ገመዱ ግን ጣጣ አለው።

ጠፍር እኩል አይለጠጥም። ከእንስሳው ጀርባ፣ በአከርካሪው ግራና ቀኝ የተቆረጠ ቆዳ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ብዙም አይሳብም። ከሆዱ የተቆረጠው ልል ነው፤ ይሳባል። አንዱ ገመዳችሁ ከጀርባ፣ ሌላው ከሆድ ተቆርጦ ከሆነ ዛሬ እኩል የነበሩት ነገ አይተካከሉም። ሻጩ ይህን አይነግራችሁም፤ ብዙ ጊዜ እሱም አያውቀውም። በዚህ ላይ ጠፍር ሲረጥብ ይረዝማል፤ ሲደርቅ ይጨማደዳል። በዝናብ የተጠቀማችሁበትን የጠፍር ወንጭፍ ርዝመቱን ሳትለኩ መልሳችሁ አትወርውሩበት።

የቆዳ ኪስ ግን በትክክል ከተያዘ ገመዱን ሦስት አራት ጊዜ እየቀየራችሁ ያገለግላችኋል። የለፋና ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሚሊሜትር የሚወፍር ይበቃል። ከዚያ የወፈረው ድንጋዩን አላቅፍ ይላል፤ የሳሳውን ደግሞ ስል ድንጋይ በሳምንት ይበሳዋል። ቀዳዳው ክብ ይሁን። በቢላ የተሰነጠቀ ቀዳዳ ከስንጥቁ ጫፍ ይቀጥልና ይቀደዳል፤ ክብ ቀዳዳ ግን ጉልበቱን በዙሪያው ያካፍለዋል። ከጠርዙም ቢያንስ አንድ ሴንቲሜትር ይራቅ።

የቆዳ ጠላቱ መድረቅም፣ እርጥበትም፣ የባለቤቱ ደግነትም ነው። ደግነት ያልኩት ዘይቱን ነው። አዲስ የቆዳ ባለቤት በየሳምንቱ ዘይት ይቀባል፤ ቆዳውም ልል ብሎ ይለጠጣል፣ ኪሱም ድንጋዩን አንቆ ይይዛል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ቆዳው ደረቅ ሲል ብቻ፣ በጨርቅ ስስ አድርጎ መቀባት በቂ ነው። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ውሎ አድሮ ይበላሻል፣ ይሸታል፣ ይጣበቃል። ለቆዳ የተዘጋጀ ቅባት ወይም የንብ ሰም ያለበት ይሻላል። ሰሙ ውሃንም በመጠኑ ይመልሳል።

ከረጠበ በጥላ ይድረቅ። እሳት ዳር ወይም ማሞቂያ ላይ የተሰጣ እርጥብ ቆዳ ይኮማተራል፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ቅባት ወደ ነበረበት አይመልሰውም። አንዱን ኪሴን እንዲህ አድርጌ ሳደርቀው እንጨት ሆኖ ቀርቷል።

ምልክት ማሳየቱ መካከለኛ ነው። ደህና የሚመስል ቆዳ ሲታጠፍ ስንጥቁ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ አይቶ ማለፍ አይበቃም፤ እያጠፉ፣ በተለይ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ፣ ማየት ያስፈልጋል።

## ሱፍ

በአንዲስ ተራሮች ከላማና ከአልፓካ፣ በቲቤት ከያክ ጸጉር ወንጭፍ ይጎነጎናል። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ሱፍ ለእጅ ይመቻል፣ ቋጠሮው አይንሸራተትም፣ ድንጋዩን የሚይዘው ኪስም ከገመዱ ጋር አንድ ሆኖ ሊሠራ ስለሚችል ያ ደካማ መጋጠሚያ ከናካቴው ይጠፋል። ከኔ መመዘኛዎች በመጀመሪያው ላይ ማንም አይደርስበትም፤ ሱፍ ከመበጠሱ ከረጅም ጊዜ በፊት ይንጨፈረራል፣ ይሳሳል፣ ክሮቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። ባለቤቱ ዕውር ካልሆነ በቀር ሳያየው አይቀርም።

ድክመቱ መለጠጡና ብሉ ነው። ሲረጥብ ጥንካሬው ይቀንሳል፣ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ጊዜ ይወስዳል። ብል ደግሞ ላብና ቅባት የነካውን ሱፍ አስበልጦ ይወዳል፤ ስለዚህ ሳይታጠብ ለወራት የሚቀመጥ የሱፍ ወንጭፍ ለብል ግብዣ ነው። እጥበቱ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ነው፤ አይታሽም፣ አይጠመዘዝም፤ ከታሸ ይጠቀጠቅና ያጥራል። ሁለቱ ገመዶች እኩል ስለማያጥሩም ሚዛኑ ይበላሻል። በረኪና ፈጽሞ አይነካው፤ ሱፍን ይበላዋል።

ብል ገብቶበታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በፌስታል አጥብቃችሁ አስራችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ስታወጡት ፌስታሉን ሳትፈቱ እንደ ክፍሉ ሙቀት እስኪሆን ጠብቁ፤ አለበለዚያ ጤዛው ሱፉ ላይ ይወርዳል። ከዚያ እያንዳንዷን ጉንጉን ከፍታችሁ እዩ። የተበላች ካለች ያ ወንጭፍ ለግድግዳ ጌጥ እንጂ ለድንጋይ አይሆንም።

## ቃጫ፣ ጥጥና ተልባ

ከተክል የሚገኙት ሦስቱ አንድ ላይ ይመደቡ እንጂ ጸባያቸው ይለያያል።

ቃጫ አይለጠጥም ማለት ይቻላል፤ ይህ ለወንጭፍ ትልቅ ጸጋ ነው። ዛሬ የለካችሁት ርዝመት ለወራት ይቆያል። ሲያልቅም በግልጽ ይንጨፈረራል። ርካሽ ነው፣ ለመጎንጎንም ያመቻል። ጣት ግን ይልጣል፤ ማጥለቂያውን በጨርቅ ወይም በስስ ቆዳ መሸፈን ግድ ነው። ርጥብ ሆኖ ከተጠቀለለ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ይህ ከላይ የማይታየው ብቸኛ በሽታው ነው። የሚታወቀው በማሽተትና ጉንጉኑን ገለጥ አድርጎ በማየት ነው። የጠቆረ ወይም በጣት ሲታሽ እንደ ዱቄት የሚሆን ቃጫ አልቆለታል። ለከረጢት የሚሆነው ጁት ቃጫ ይመስላል፤ ለወንጭፍ ግን አትምረጡት፤ ሲረጥብ ይደክማል፣ ፈጥኖም ይበሰብሳል።

ጥጥ ሲረጥብ አይደክምም፤ እንዲያውም ይጠነክራል። ለልጆች ማስተማሪያ ለስላሳ ነው። ነገር ግን ይሻግታል፤ በመጀመሪያው እጥበትም ያጥራል። ስለዚህ ክሩን አጥቦና አድርቆ መጎንጎን ነው፤ ጎንጉኖ ማጠብ አይደለም።

ከተልባ ግንድ የሚወጣው ክር ጠንካራና የማይለጠጥ ነው። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ መታጠፍ ግን አይወድም፤ እየታጠፈ በኪስ የሚቀመጥ የተልባ ወንጭፍ በእጥፋቱ ላይ ይቆረጣል። ይሰቀል።

## ናይለንና ፖሊስተር

ፓራኮርድ የሚባለው የናይለን ገመድ 4 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል። «550» የሚለው ቁጥር የመበጠሻ አቅሙን በፓውንድ የሚናገር ሲሆን ወደ 250 ኪሎ ይጠጋል። መጀመሪያ ካሰላነው ዘጠኝ ኪሎ ጋር አስተያዩት። አቅሙ ከሚያስፈልገው በላይ ነው፤ አይበሰብስም፣ ብል አይበላውም፣ ዋጋውም አይጎዳም።

ታዲያ ለምን የመጀመሪያ ምርጫዬ አልሆነም? ምክንያቱም ዝም ይላል። ፓራኮርድ ከውጭ የተሸመነ ሽፋን፣ ከውስጥ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ክሮች አሉት። ውስጡ ተቆራርጦ ሽፋኑ ደህና ሊመስል ይችላል። ፀሐይም ናይለንን ያደክመዋል፤ መኪና መስኮት ሥር ለወራት የተቀመጠ ገመድ ቀለሙ ከመደብዘዙ በቀር ብዙ ምልክት አያሳይም። ስለዚህ ፓራኮርድ በዓይን ሳይሆን በጣት ይፈተሻል። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለት ጣት መሐል አሳልፉት፤ ድንገት የሚሳሳ፣ የሚጎደጉድ ወይም የሚጠጥር ቦታ ካለ ውስጡ ተጎድቷል።

ሌላው ቋጠሮው ነው። ናይለን ስለሚንሸራተት ቋጠሮው ቀስ በቀስ ይፈታል። ጫፉን በእሳት ማቅለጥ መተርተሩን ያስቆማል፤ የቀለጠው ጫፍ ግን ሲቀዘቅዝ እንደ ጥፍር ስለታም ይሆናልና የተለቃቂውን ጫፍ እንዲህ አታድርጉት። ጅራፍ እየሆነ የሚመለሰው እሱ ነው፤ ፊትን ሊሞጭር ይችላል። በክር መጠምጠም ይሻላል።

ፖሊስተር ከናይለን ያነሰ ይለጠጣል፣ ሲረጥብ አቅሙን ይጠብቃል፣ ፀሐይንም ይበልጥ ይችላል። ሁለቱ እኩል ዋጋ ቀርበው ካገኛችኋቸው ሳታመነቱ ፖሊስተሩን ውሰዱ። ዕቃ ማሰሪያ የሚሆነውን ርካሹን የፖሊፕሮፒሊን ገመድ ግን ተዉት፤ ፀሐይ በአጭር ጊዜ ያፈራርሰዋል።

## ድብልቁ

የፖሊስተር ወይም የቃጫ ገመድ ከቆዳ ኪስ ጋር። ውበቱ እንደ ሱፉ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክፍል ግን የሚችለውን ይሠራል፣ ያለቀውም ብቻውን ይቀየራል። ደካማ ጎኑ መጋጠሚያው ነው፤ ቀደም ብዬ ስለ ቀዳዳው ያልኩት ሁሉ እዚህ ይሠራል።

## በሰንጠረዥ ሲጠቃለል

| ዓይነት | ምልክት ማሳየቱ | መለጠጡ | ውሃ ሲነካው | ዋና ጠላቱ | እንክብካቤ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሙሉ ቆዳ | መካከለኛ | ብዙ፣ ያልተስተካከለ | ይረዝማል | ሙቀት፣ ድርቀት፣ ሻጋታ | ብዙ | ከፍተኛ |
| ሱፍ | በጣም ጥሩ | ብዙ | ይደክማል፣ ይከብዳል | ብል | ብዙ | ከፍተኛ |
| ቃጫ | ጥሩ | በጣም ትንሽ | ይበሰብሳል | እርጥበት | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ጥጥ | ጥሩ | መካከለኛ | ይጠነክራል፣ ይሻግታል | ሻጋታ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ተልባ | ጥሩ | ትንሽ | ይጠነክራል | ተደጋጋሚ እጥፋት | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ናይለን | ደካማ | መካከለኛ | ጥቂት ይደክማል | ፀሐይ፣ የሚፈታ ቋጠሮ | ጥቂት | ዝቅተኛ |
| ፖሊስተርና የቆዳ ኪስ | መካከለኛ | ትንሽ | ኪሱ ብቻ ይጎዳል | የኪሱ ቀዳዳ መቀደድ | መካከለኛ | መካከለኛ |

## ለማን የቱ?

ገና ለሚማር። ጥጥ ወይም ቃጫ፣ ከድንጋይ ፈንታ ከቴኒስ ኳስ ጋር። ጀማሪ ድንጋዩን የሚለቅበትን ጊዜ ስለማያውቅ ወደ ኋላም ወደ ጎንም ይወረውራል፤ በአራቱም አቅጣጫ ሰው መኖር የለበትም። ውድ ወንጭፍ በዚህ ጊዜ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ለክንዳችሁ የሚስማማውን ርዝመት ገና አላወቃችሁምና።

በየሳምንቱ ለሚወረውር። ድብልቁን። የተለቃቂውን ጫፍ በየጊዜው ትቀይራላችሁ፤ ኪሱ ይቆያል። ለመቀየሪያ የሚሆን ከዚያው ጥቅል የተቆረጠ ገመድ አስቀምጡ፤ ከሌላ ጥቅል የመጣ እኩል ላይለጠጥ ይችላል።

ዝናብና ጤዛ በሚበዛበት ለሚኖር። ፖሊስተር፤ ኪሱም ከዚያው የተጎነጎነ ይሁን። ቆዳና ሱፍ በእንዲህ ያለ ቦታ ሁልጊዜ እንዳቃሰቱ ነው።

እንክብካቤ ለሚሰለቸው። እንደኔ ከሆናችሁ ፖሊስተር፣ ካልተገኘ ናይለን። በጣት የመፈተሹን ልማድ ግን መተው አይቻልም።

መጎንጎንን ለሚወድና ዕቃውን ለሚሳሳለት። ሱፍ። በእጅ ላይ እንደሱ የሚመች የለም።

ገንዘብ ላጠረው። ቃጫ፤ ማጥለቂያውን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልላችሁ። ከውድ ጠፍር ይልቅ እሱን አምነዋለሁ።

ሙሉ የጠፍር ወንጭፍ ለማንም አልመደብኩም፤ ዘንግቼው አይደለም።

## የትኛውንም ብትመርጡ

ከመወርወር በፊት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ኪሱ ውስጥ ድንጋይ አድርጉና ሁለቱን ገመድ አንድ ላይ አንጠልጥሉ፤ ኪሱ ካዘነበለ አስተካክሉ። ከዚያ ማጥለቂያውን ረግጣችሁ ኪሱን ወደ ላይ ሳቡት፣ ተለቃቂውንም እንዲሁ። ከመወርወሪያው ኃይል የሚበልጥ ስበት በእግር መስጠት ቀላል ነው፤ የሚበጠስ ከሆነ እዚያው ይበጠስ። ማጥለቂያው ሸምቀቆ አይሁን፤ ወንጭፉ የሆነ ነገር ላይ ሲያዝ ጣትን ያንቃል። የማይጠብቅ ቀለበት፣ ጣት ላይ ልክ የሚል፣ ሲፈለግ ግን ወዲያው የሚወልቅ ይሁን።

ድንጋዩም የጥገናው አካል ነው። ድቡልቡል የወንዝ ጠጠር ኪስን አይጎዳም፤ የተሰባበረ ድንጋይ ኪሱንም ይቆርጣል፣ በረራውም ይዛባል። ዒላማችሁ ዓለት ወይም ግንብ አይሁን፤ ፍንጣሪው ተመልሶ ይመጣል፤ መነጽር አድርጉ። ርቀቱን ደግሞ አትናቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ዩታ ግዛት ላሪ ብሬይ የተባለ ሰው 52 ግራም ድንጋይ ከ437 ሜትር በላይ ወርውሮ ተመዝግቦለታል። እናንተ የዚያን ሲሶ ብትወረውሩ እንኳ ድንጋዩ የሚያርፍበትን ቦታ በዓይን ማየት መቻል አለባችሁ።

ማስቀመጫው ደረቅ፣ ጨለማና አየር የሚዘዋወርበት ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1922 በተከፈተው የቱታንካሙን መቃብር ውስጥ የተጎነጎኑ ወንጭፎች ከ3,000 ዓመት በላይ ቆይተው ተገኝተዋል፤ ደረቅና ጨለማ ቦታ ምን ያህል እንደሚያቆይ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። ፌስታል ውስጥ፣ መኪና ውስጥ፣ መስኮት ላይ አታስቀምጡት። በሚስማር ላይም ሲሰቀል ሚስማሩ ከቆዳው ጋር አይነካካ፤ ብረትና እርጥብ ቆዳ ሲገናኙ ቆዳው ይጠቁራል። አይጥ በሚገባበት ቤት ደግሞ ከፍ ይበል፤ ቅባትና ላብ የጠጣ ቆዳ ለአይጥ ምሳ ነው።

መጣያው ጊዜ የሚከተለው ነው፦ ማጥለቂያው ላይ አንድ ክር እንኳ ከተቆረጠ፣ የኪሱ ቀዳዳ ወደ ጠርዙ መሄድ ከጀመረ፣ ጉንጉኑ ከመጀመሪያ ውፍረቱ አንድ አራተኛ ከሳሳ፣ ወይም በእግር ሲሳብ የመተርተር ድምፅ ከሰማችሁ። የሚቀየረውን ቀይሩ፤ የማይቀየረውን ከመጣላችሁ በፊት ሁለቱንም ገመድ በመቀስ ቁረጡት፤ እንዳለ ከተጣለ አንድ ልጅ አንሥቶ ይወነጭፍበታል።